የአቀማመጥ ማዞር፦ በሕክምናው ጊዜ የሚታየው የዐይን እንቅስቃሴ ስለ ውጤቱ ምን ይነግረናል?

ፊዚዮ ሚዛን፦

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ጭንቅላት አቀማመጡን ሲለውጥ የሚቀሰቀሰውን ማዞር በሚመለከት አንድ ጥያቄ ይዤ ቀርቤአለሁ። የኤፕሊን ዘዴ (ጭንቅላትን በደረጃ እያዞሩ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ቱቦ የገቡትን ቅንጣቶች የማስወጣት ሕክምና) ስንሠራ የብዙዎቻችን ሐሳብ ያለው እጃችን ላይ ነው። ጭንቅላቱ 45 ዲግሪ ዞሯል ወይ፣ ከአልጋው ጠርዝ በታች በበቂ ሁኔታ ወርዷል ወይ፣ በየደረጃው የሚገባውን ያህል ቆይቷል ወይ እያልን እንከታተላለን። ዐይንን የምናየው ግን ለምርመራው ብቻ ነው፤ የዲክስ-ሆልፓይክ ምርመራ (የታካሚውን ጭንቅላት አዙሮ በፍጥነት በጀርባ ማስተኛት) ኒስታግመሱን፣ ማለትም ያለ ፈቃድ የሚመጣውን የዐይን መወርወር፣ ካሳየን በኋላ ዐይኑን ትተን ወደ ሥራችን እንገባለን።

በቅርቡ የቀኝ ጆሯቸው የኋለኛ ቱቦ (ከውስጠኛው ጆሮ ሦስት የሚዛን ቱቦዎች፣ ከኋለኛው፣ ከፊተኛውና ከአግድሙ፣ አንዱ) የታመመባቸውን አንዲት እናት ሳክም የሚከተለውን አየሁ። በመጀመሪያው አቀማመጥ ጥቂት ሰኮንዶች ምንም ሳይታይ ቆየ። ከዚያም ዐይናቸው በፍጥነት ወደ ግንባራቸው እየተወረወረ፣ የዐይኑ የላይኛው ጫፍም ወደ ታችኛው ጆሮ እየተጠማዘዘ፣ መጀመሪያ በርትቶ በኋላ እየደከመ ሄዶ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ቆመ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እንደሚጠበቀው ነበር። ጭንቅላታቸውን ወደ ግራ ባዞርኩበት በሁለተኛው አቀማመጥ ግን ኒስታግመሱ እንደገና ተነሣ፤ ፈጣኑ እንቅስቃሴ አሁን ወደ አገጫቸው ነበር፣ መጠማዘዙም ወደ ግራ ሆኗል። ዘዴውን እስከ መጨረሻው ፈጸምን፤ በቀጠሯቸው ሲመለሱ ማዞሩ እንዳለ ነው። ይህ የተገለበጠ እንቅስቃሴ ሕክምናው እንደማይሳካ አስቀድሞ የሚናገር ምልክት ነው ወይ? ከሆነስ በዚያው ሰዓት ምን ማድረግ ይገባ ነበር?


አንገት በላይ ሐኪም፦

ጥያቄዎ እጅግ ተገቢ ነው፤ መልሱም ምልክቱ በእርግጥ ይናገራል የሚል ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ግን ማዞሩን የሚያመጡት ጥቃቅን ጠጠሮች በቱቦው ውስጥ ወዴት እየሄዱ እንደሆነ በሐሳብ መከተል ያስፈልጋል።

ዩትሪክል ከተባለው የውስጠኛው ጆሮ ክፍል የተላቀቁት የካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣቶች ወደ ኋለኛው ግማሽ ክብ ቱቦ ሲገቡ፣ ጭንቅላት ወደ ኋላ በወረደ ቁጥር በክብደታቸው ወደ ታች ይንሸራተታሉ። ሲንሸራተቱም ፈሳሹን ከኩፑላው (በቱቦው ጫፍ ሆኖ የፈሳሹን ፍሰት ለነርቩ ከሚያስተላልፈው ክፍል) እየሳቡ ይሄዳሉ። በኋለኛው ቱቦ ነርቩን የሚያነቃቃው ከኩፑላው የሚርቅ ፍሰት ስለሆነ፣ ዐይኑ ወደ ግንባርና ወደ ታመመው ጆሮ በሚሄድ ጥምር እንቅስቃሴ ይመልሳል። ጥቂት ሰኮንዶች መዘግየቱ ቅንጣቶቹ ለመነሣትና ፈሳሹን ለመግፋት የሚወስድባቸው ጊዜ ነው፤ መድከሙና መቆሙም በቱቦው ዝቅተኛ ቦታ ላይ በመድረሳቸው ነው።

እንግዲህ በሁለተኛው አቀማመጥ የምንፈልገው ቅንጣቶቹ በዚያው መንገድ ወደ ፊት እንዲቀጥሉ፣ ማለትም ከኩፑላው ይበልጥ እንዲርቁ ነው። ከቀጠሉ ፍሰቱ ያው ነው፤ ፍሰቱ ያው ከሆነ ደግሞ የዐይኑ እንቅስቃሴም ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ አሁን የታመመው ጆሮ ከላይ ሆኗል፤ ስለዚህ መጠማዘዙ ወደ ላይኛው ጆሮ ሲሆን አቅጣጫው የተለወጠ የሚመስላቸው ባለሙያዎች አሉ። አልተለወጠም። አቅጣጫው የሚለካው ከታካሚው ጭንቅላት አንጻር እንጂ ከወለሉ አንጻር አይደለም። በእርስዎ ታካሚ ላይ የታየው ግን በእውነት የተገለበጠ ነው። ይህም ቅንጣቶቹ ወደ ኩፑላው ተመልሰው እንደወደቁ የሚያሳይ ነው። ይህን ሁለተኛ ኒስታግመስ የመረመሩ ጥናቶች፣ አቅጣጫው እንደ መጀመሪያው ሲሆን የመሳካት ዕድሉ ከፍ እንደሚል፣ ሲገለበጥ ደግሞ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። በሁለተኛው አቀማመጥ ምንም ኒስታግመስ አለመታየቱ ግን ብቻውን የውድቀት ምልክት አይደለም፤ ምንም ሳይታይባቸው የሚድኑ ብዙ ናቸው።

በዚያው ሰዓት ምን ይደረግ ላሉት፣ እኔ የማደርገው ይህ ነው። ዘዴውን ጨርሼ ታካሚው ተቀምጠው ትንሽ ካረፉ በኋላ ያንኑ በዚያው ቀን እደግመዋለሁ። በድጋሚው ላይ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው አቀማመጥ ሲታለፍ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ እንደተዘረጋ መቆየቱን አጥብቄ እመለከታለሁ፤ ብዙ ጊዜ ቅንጣቶቹ የሚመለሱት በሽግግሩ መካከል ጭንቅላቱ ሳይታወቅ ቀና ሲል ነው። በየደረጃውም ኒስታግመሱ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም፣ ከቆመም በኋላ ጥቂት እጠብቃለሁ።


ጠቅላላ ሐኪም፦

ለሁለታችሁም ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። እኔ የምሠራበት ክፍል የፍሬንዘል መነጽር (ታካሚው ዐይኑን አንድ ነገር ላይ እንዳይተክል የሚያደርግ ማጉያ መነጽር) የለውም፤ በባዶ ዐይን ነው የማየው። እንዲህ ያለውን የአቅጣጫ ልዩነት ያለ መነጽር መለየት ይቻላል? ሌላም ጥያቄ አለኝ። ወደ እኔ የሚመጡት ታካሚዎች አብዛኞቹ ሜክሊዚን ወይም ሌላ የማዞር ማስታገሻ እየወሰዱ ነው። ይህ የምርመራውን ውጤት ይለውጠዋል?


አንገት በላይ ሐኪም፦

የኋለኛው ቱቦ ከሆነ በብዛት ይቻላል። ሰው ዐይኑን አንድ ነገር ላይ ሲተክል የጎንና የላይ ታች ኒስታግመስን ያፍናል፤ መጠማዘዝን ግን ማፈን እጅግ ያዳግተዋል። ስለዚህ በዲክስ-ሆልፓይክ ጊዜ የዐይን ነጩ ላይ ካሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች አንዱን መርጠው እሱን ብቻ ይከተሉ፤ ሲሽከረከር ያዩታል። ታካሚው ወደ ታችኛው ጆሮ አቅጣጫ ሲመለከቱ መጠማዘዙ፣ ወደ ላይኛው ጆሮ አቅጣጫ ሲመለከቱ ደግሞ የላይ ታቹ እንቅስቃሴ ጎልቶ ይወጣል። ይህን ሁለቱን ማየት የቱቦውን ማንነት ለማረጋገጥ በጣም ይረዳል። የአግድም ቱቦው ኒስታግመስ ግን በጎን የሚሄድ ስለሆነ፣ ደካማ ከሆነ በባዶ ዐይን ሊያመልጥዎ ይችላል። በስልክ ካሜራ ዐይኑን ቀርጾ በዝግታ መልሶ ማየትም ይጠቅማል፤ ለኋላ ንጽጽርም ማስረጃ ይሆናል።

ማስታገሻውን በተመለከተ፣ ኒስታግመሱን ሊያደበዝዝ ይችላልና ከምርመራው በፊት ባይወሰድ ይመረጣል። ለሕክምናም ቢሆን ቅንጣቶቹን ከቱቦው አያወጣም። የአሜሪካ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪሞች አካዳሚ በ2017 ያሻሻለው መመሪያ እነዚህን መድኃኒቶች ለዚህ ሕመም በዘወትር እንዳንሰጥ ይመክራል። በአረጋውያን ላይ ደግሞ እንቅልፍና መንገዳገድ ጨምረው መውደቅን ያስከትላሉ። በሕክምናው ጊዜ ለሚያስታውካቸው ታካሚዎች ለአጭር ጊዜ መስጠት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።


ነርቭ ሐኪም፦

የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ወደ አገጭ የሚሄድ ኒስታግመስ በተነሣ ቁጥር የእኔን ክፍል የሚመለከት ማስጠንቀቂያ ማከል ግዴታዬ ነው። በሕክምናው መካከል ለአፍታ የሚታይ ግልብጥ እንቅስቃሴ አንድ ነገር ነው። ገና በመጀመሪያው ምርመራ፣ ሳይዘገይ ወዲያው የሚጀምር፣ ጭንቅላቱ እንደወረደ እስከቆየ ድረስ የማይደክም፣ መጠማዘዝ የሌለበት ንጹሕ የላይ ታች እንቅስቃሴ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው። የሁለተኛው ምንጭ አነስተኛው አንጎል ሊሆን ይችላል። ወደ አገጭ የሚሄድ እንቅስቃሴ ከፊተኛው ቱቦም ሊመጣ እንደሚችል አውቃለሁ፤ የፊተኛው ቱቦ ሕመም ግን ብርቅ ነው። ስለዚህ ብርቁን ከማሰባችን በፊት አደገኛውን ማግለል አለብን።

እኔ በተለይ የምፈራው አንድ ሁኔታ አለ፦ ብርቱ ማስታወክና መቆም የማይቻልበት መንገዳገድ ኖሮ፣ ኒስታግመሱ ግን ኢምንት ሆኖ ወይም የማዞሩን ኃይል የማይመጥን ሆኖ ሲገኝ። አዲስ ራስ ምታት፣ የንግግር መጎላደፍ፣ የሁለትነት እይታ፣ የፊት ወይም የእጅ መደንዘዝ ከተጨመረበት የኤፕሊ ዘዴን ትቶ በአስቸኳይ ወደ ነርቭ ሕክምና መላክ ነው። በአግባቡ ተደጋግሞ የተሠራ ሕክምና ኒስታግመሱን ቅንጣት ታህል ካልለወጠውም መጠርጠር ይገባል። በሌላ በኩል፣ ምልክቱ ሁሉ የኋለኛው ቱቦ ሆኖ ሳለ ታካሚን ለራስ ቅል ምስል መላክ ገንዘብና ጊዜ ከማባከን በቀር የሚያተርፈው የለም። የባራኒ ማኅበር (የማዞርና የሚዛን ሕመም ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር) በ2015 ያወጣው የምርመራ መስፈርትም ዐይኑን ነው የሚያስቀድመው፤ የኒስታግመሱን አቅጣጫ፣ መዘግየቱንና ከአንድ ደቂቃ በታች መቆየቱን።


ልምምድ ላይ፦

ስለ አግድም ቱቦው ማንም በዝርዝር ስላልተናገረ እኔ ልጠይቅ። በጀርባ ተኝተው ጭንቅላታቸው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲዞር ኒስታግመሱ በሁለቱም ጎን ይታያል። የትኛው ጆሮ እንደታመመ የምንለይበት መንገድ ሁልጊዜ ያምታታኛል። ሕክምናውስ እንደ ኋለኛው ቱቦ ይሳካል?


ፊዚዮ ሚዛን፦

በዚህ ላይ ልመልስ፤ በየዕለቱ የሚገጥመኝ ነው። መጀመሪያ ኒስታግመሱ ወደ ወለሉ ነው ወይስ ወደ ጣሪያው ነው ብለሽ ጠይቂ። በሁለቱም ጎን ፈጣኑ እንቅስቃሴ ወደ ወለሉ ከሆነና ከአንድ ደቂቃ በታች ከቆየ፣ ቅንጣቶቹ በቱቦው ረጅም ክንድ ውስጥ ልቅ ሆነው ይገኛሉ፤ የታመመውም ኒስታግመሱ የበረታበት ጎን ነው። በሁለቱም ጎን ወደ ጣሪያው ከሆነ፣ ቅንጣቶቹ ከኩፑላው ጋር ተጣብቀዋል ወይም ከኩፑላው አጠገብ ባለው የቱቦው ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ያን ጊዜ የታመመው ኒስታግመሱ የደከመበት ጎን ነው። ሁለቱም የሚመጡት ከአንድ ሕግ ነው፦ በአግድም ቱቦ ወደ ኩፑላው የሚሄድ ፍሰት ከኩፑላው ከሚርቀው ይልቅ ነርቩን አብልጦ ያነቃቃል። በኋለኛው ቱቦ ሕጉ የተገላቢጦሽ ነው። የተጣበቀው ዓይነት ከአንድ ደቂቃ በላይ መቆየቱም ይለየዋል።

ውጤቱን በተመለከተ በ2012 የታተሙ ሁለት የኮሪያ ጥናቶች አሉ። ወደ ወለሉ በሚሄደው ዓይነት ታካሚውን እንደ ጥብስ የማገላበጡ ዘዴ 69 በመቶ፣ የጉፎኒ ዘዴ (ታካሚውን በፍጥነት በጎን አስተኝቶ ጭንቅላቱን ማዞር) 61 በመቶ፣ የማስመሰያ ዘዴ ደግሞ 35 በመቶ ያህል ፈውስ አስገኝተዋል። ወደ ጣሪያው በሚሄደው ዓይነት ጉፎኒ 73 በመቶ፣ ጭንቅላትን የመነቅነቅ ዘዴ 62 በመቶ፣ ማስመሰያው እንደገና 35 በመቶ ገደማ ነበር። የማስመሰያው ቁጥር ሳይታለፍ ይታይ። ከሦስት ታካሚዎች አንዱ ምንም ትክክለኛ ሕክምና ሳይደረግለት ይድናል ማለት ነውና፣ የእጃችንን ጥበብ ከማመስገናችን በፊት ይህን መቀነስ ይኖርብናል። ወደ ጣሪያው የሚሄደው ኒስታግመስ በሕክምናው መካከል ወደ ወለሉ ከተለወጠ ደግሞ ደስ ይበልሽ፤ ቅንጣቶቹ ተላቀው ወደ ረጅሙ ክንድ ወጥተዋልና ዘዴውን ወደ ወለሉ ለሚሄደው ዓይነት ቀይሪ።


ጠቅላላ ሐኪም፦

ይቅርታ ይደረግልኝና በአንድ ነጥብ አልስማማም። የ2014 የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ 11 ጥናቶችንና 745 ታካሚዎችን ተመልክቶ፣ የኤፕሊ ዘዴ ማዞሩ ሙሉ በሙሉ የጠፋላቸውን ሰዎች ከ21 በመቶ ወደ 56 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ አሳይቷል። ይህ ውጤት የተገኘው የሁለተኛውን አቀማመጥ ኒስታግመስ ማንም ሳይተነትን ነው። ካልተሳካ ዘዴውን መድገም ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ዐይኑን በየደረጃው ማንበብ ታካሚውን ምን ይጠቅመዋል? በየጤና ጣቢያው ያሉ ባለሙያዎች ዘዴው ውስብስብ ነው ብለው እንዳይሸሹት እሰጋለሁ።


አንገት በላይ ሐኪም፦

ስጋትዎን እጋራለሁ። ኒስታግመሱን መተንተን የማይችል ባለሙያ ዘዴውን ከመተው ይልቅ ቢሠራው ሺህ ጊዜ ይሻላል። ነገር ግን ካልተሳካ መድገም ብቻ ይበቃል በሚለው ላይ እቃወማለሁ። ሕክምና የማይሳካበት ምክንያት ብዙ ነው፤ የሚለየውም ዐይን ነው። ቅንጣቶቹ ተመልሰው ከሆነ ያንኑ ዘዴ መድገም ትክክል ነው። በሕክምናው ምክንያት ከኋለኛው ቱቦ ወጥተው ወደ አግድም ቱቦ ገብተው ከሆነ ግን ኒስታግመሱ በጎን የሚሄድ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የኤፕሊን ዘዴ ደጋግሞ መሥራት የተሳሳተውን ቱቦ ማከም ነው። ታካሚው «ማዞሩ ባሰብኝ» ብለው ሲመጡ በተለይ ይህን እፈልጋለሁ። ኒስታግመሱ በሁለቱም ጎን የኋለኛ ቱቦ መልክ ካለው ደግሞ፣ በተለይ ጭንቅላታቸውን ተመትተው የመጡ ከሆነ፣ ሁለቱም ጆሮዎች ሊታከሙ ይገባል። እነዚህን ሁሉ «አልዳኑም» በሚል አንድ ቃል ብንጠቀልላቸው ታካሚው ያለ ጥቅም ይንገላታል።

የኮክሬኑ ቁጥርም ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል። 56 በመቶ ከዳነ ቀሪው 44 በመቶ ሌላ ነገር ይፈልጋል ማለት ነው። የእኔ ክርክር ስለ እነዚህ ሰዎች ነው።

በሕክምናው መጨረሻ ስለሚሆነውም ልጨምር። አንዳንድ ታካሚዎች በመጨረሻው ደረጃ ቀና ብለው እንደተቀመጡ በድንገት ወደ አንድ ጎን ወይም ወደ ኋላ የሚወረወሩ ይመስላቸዋል፤ በእርግጥም ሊወድቁ ይችላሉ። ትከሻቸውን ሳይለቁ ጥቂት ማቆየት ከዘዴው ክፍል እንደ አንዱ ይቆጠር።


የታመመች፦

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ውይይታችሁን ግን በጥሞና አነበብኩት። ሐኪሜ ዐይኔን ደግመው አይተው ድነሻል አሉኝ፤ ስተኛና ስገላበጥ የነበረው መሽከርከርም በእርግጥ ጠፍቷል። ሆኖም ስራመድ መሬቱ የማይጸና ይመስለኛል፣ ጭንቅላቴም ቀልሎብኛል። ዐይኔ ንጹሕ ከሆነ ይህ ከየት መጣ? ሕክምናው ይደገምልኝ ብዬ ልጠይቅ?


ፊዚዮ ሚዛን፦

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። የገለጽሽው ከተሳካ ሕክምና በኋላ ብዙ ሰዎች የሚገጥማቸው ቀሪ የማዞር ስሜት ነው። በአብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጠፋል፤ ሕመሙ ከመታከሙ በፊት ረጅም ጊዜ በቆየባቸውና በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ሊረዝም ይችላል። ኒስታግመሱ ከጠፋ የኤፕሊን ዘዴ መድገሙ አይጠቅምሽም። የሚጠቅምሽ መራመድ፣ ጭንቅላትሽን ሳትፈሪ ማንቀሳቀስ፣ የተጎዳሽ ይመስል በትራስ ተደግፈሽ አለመተኛትሽ ነው። ከሕክምናው በኋላ ቀና ብሎ ተደግፎ መተኛትን የመሰለው የቀድሞ ገደብም በአሁኑ መመሪያ አይመከርም። አንድ ነገር ብቻ አረጋግጪ፦ ዐይንሽ የታየው ሕክምናው እንዳለቀ ወዲያው ነው ወይስ በሌላ ቀን? ምርመራው በተከታታይ ሲደጋገም ኒስታግመሱ እየደከመ ስለሚሄድ፣ በዚያው ሰዓት አለመታየቱ ብቻ መዳንን አያረጋግጥም። በሌላ ቀን፣ ሁለቱም ጎንና አግድም ቱቦዎቹ ጭምር ተመርምረው ንጹሕ ከሆኑ ግን ልብሽን አሳርፊ። መንገዳገዱ ከባሰ ወይም ነርቭ ሐኪሙ ከላይ ከዘረዘሩት ምልክቶች አንዱ ከታየ አትቆዪ።


ልምምድ ላይ፦

የዚህች እህት ጥያቄ ሌላ አስነሣብኝ። ዐይኑ ንጹሕ ከሆነ በኋላ እንዳይመለስ የሚደረግ ነገር አለ?


ነርቭ ሐኪም፦

መመለሱ የተለመደ ነው፤ ታካሚዎች ገና ሲድኑ ሊነገራቸው ይገባል። ለመከላከል እስካሁን ጥሩ ማስረጃ የተገኘለት የቫይታሚን ዲ ጉዳይ ነው። በ2020 የታተመ 957 ሰዎችን ያካተተ የኮሪያ ጥናት፣ የቫይታሚን ዲ መጠናቸው ከ20 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በታች ለሆኑ ታካሚዎች 400 ዩኒት ቫይታሚን ዲና 500 ሚሊ ግራም ካልሲየም በቀን ሁለት ጊዜ ሰጥቶ ነበር። ሕመሙ በዓመት የሚመለስበት መጠን ክትትል ብቻ ከተደረገላቸው ጋር ሲነጻጸር በ24 በመቶ ቀንሷል። ቅንጣቶቹ የካልሲየም ጨው በመሆናቸው ግኝቱ ከሕመሙ ተፈጥሮ ጋር የሚስማማ ነው። በአንድ ሰው በዓመት የሚደርሰው ክስተት በአማካይ ከ1.10 ወደ 0.83 ስለወረደ ግን፣ ክኒኑን የወሰደ ሁሉ ዳግመኛ አይታመምም ብለን ቃል መግባት የለብንም።

ሲመለስም በዚያው ጆሮ፣ በዚያው ቱቦ ይመለሳል ብሎ መገመት አይገባም። ታካሚው «የቀኙ ነው፣ ያው የድሮው ነው» ብለው ቢነግሩንም ሁለቱንም ጎን በዲክስ-ሆልፓይክ፣ ከዚያም ሁለቱንም አግድም ቱቦዎች እንደ አዲስ ሰው እንመርምራቸው፤ የሚሠራውንም ዘዴ የምንመርጠው የዚያን ቀን የታየውን ኒስታግመስ ተከትለን ነው።